ስልኬ እንዳይነዝር ምን ላድርግ? ቫይብሬትና ሃፕቲክ ስለማጥፋት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«እስቲ ይቺን ስልክ እንዳትነዝር አድርግልኝ» የሚለኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስልኩን አቀብሎኝ ቡናውን ይቀጥላል። «የትኛውን ንዝረት?» ስለው ግን ቀና ይላል። ሲደወል የሚነዝረው አንድ ነው፤ ፊደል ስንነካ ጣታችን ሥር ቲክ ቲክ የሚለው ሌላ ነው፤ ቴሌግራምን የመሰሉ አፖች በራሳቸው የሚያመጡት ደግሞ ሦስተኛ ነው። የሦስቱም ማጥፊያ የተለያየ ቦታ ነው ያለው። ሰው የሚማረረው አብዛኛውን ጊዜ በአንዱ ብቻ ሆኖ ሳለ ሁሉንም አጥፍቶ በማግስቱ «ስልክ አመለጠኝ» ይላል።

የሴቲንግ ስሞቹን እንግሊዝኛው ሲነበብ እንደሚሰማው ጽፌያቸዋለሁ። ስልካችሁ በአማርኛ ከሆነ ‹ሴቲንግስ› የሚለውን ‹ቅንብሮች›፣ ‹ቫይብሬሽን› የሚለውን ‹ንዝረት› ብሎ ታገኙታላችሁ።

ቫይብሬትና ሃፕቲክ አንድ አይደሉም እንዴ?

የሚያንቀሳቅሳቸው ዕቃ አንድ ነው፤ ሥራቸው ይለያያል። ቫይብሬት የምንለው ስልኩ እኛን ሲጠራን ነው፦ ደወል፣ ሜሴጅ፣ አላርም። ሃፕቲክ የሚባለው ደግሞ እኛ ስልኩን ስንነካው የሚሰጠን መልስ ነው፦ ፊደል ስንጫን፣ ወደ ኋላ ስንመለስ፣ አንድ ነገር ላይ ጣታችንን ረዘም አድርገን ስናቆይ።

ዕቃው ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። በርካሽ ስልኮች ውስጥ በብዛት ያለችው ትንሽ ሞተር ናት፤ ሚዛኑ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ብረት ተያይዞባታል። ስትሽከረከር ብረቱ ስልኩን ወዲያና ወዲህ ይጎትተዋል፤ ልብስ ወደ አንድ ጎን የተጠቀለለበት ማጠቢያ ማሽን ሲጨምቅ እንደሚዘለው ማለት ነው። ችግሯ ለመነሳትም ለመቆምም ጊዜ መውሰዷ ነው። ፊደል በነካችሁ ቁጥር «ቲክ» ሳይሆን «ዝዝዝ» ትላለች፤ ፈጠን ብላችሁ የምትጽፉ ከሆነ የመጀመሪያው ሳያልቅ ሁለተኛው ይደረብበታል።

ሁለተኛው ዓይነት በስፕሪንግ ላይ ተቀምጦ በማግኔት የሚገፋ ክብደት ነው። አይሽከረከርም፤ ወዲያና ወዲህ ይመታል፤ ቶሎ ተነስቶ ቶሎ ይቆማል። አፕል ‹ታፕቲክ ኢንጂን› የሚለው የዚህ ወገን ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው አይፎን 7 ላይ ያለችው ክብ የሆም ቁልፍ ወደ ውስጥ የምትገባ ቁልፍ አይደለችም፤ «ተጫንኳት» የሚያስብለን ይኸው ንዝረት ነው። ስልኩ ጠፍቶ ሳለ ብትጫኗት ግድግዳ እንደ መጫን ነው።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ለአንድ ነገር ነው። በርካሽ ስልክ ላይ የንክኪውን ንዝረት ማጥፋት ምንም አያጎድልባችሁም። ጥሩ ሞተር ባለው ስልክ ላይ ግን ከማጥፋታችሁ በፊት መጠኑን ቀንሳችሁ ሞክሩት።

በአንድሮይድ ስልክ ደወሉ እየነዘረ የንክኪው ብቻ እንዲጠፋ እፈልጋለሁ። የት ነው?

አምራቹ ብዙ ባልለወጠው ንጹህ አንድሮይድ በሚሠሩ ስልኮች፣ ለምሳሌ በጉግል ፒክስል ላይ፣ መንገዱ ሴቲንግስ → ሳውንድ ኤንድ ቫይብሬሽን → ቫይብሬሽን ኤንድ ሃፕቲክስ ነው። እዚያ ስትደርሱ ከላይ ለጥሪ፣ ለኖቲፊኬሽንና ለአላርም የተለያዩ መጠን መቆጣጠሪያዎች አሉ። ወረድ ስትሉ ‹ተች ፊድባክ› የሚል አለ። ጣታችሁን የሚነዝረው እሱ ነው፤ እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ሳቡት ወይም አጥፉት።

ከአንድሮይድ 13 ወዲህ በዚሁ ገጽ አናት ላይ ‹ዩዝ ቫይብሬሽን ኤንድ ሃፕቲክስ› የሚል ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚነካው ይህንን ነው፤ ቀላል ስለሚመስል። እሱ ግን የቤቱ ቆጣሪ ነው፤ አንዴ ሲወርድ ጥሪውም፣ አላርሙም፣ ኪቦርዱም አብረው ይጠፋሉ።

መንገዱ ከጠፋባችሁ ሴቲንግስን ከፍታችሁ ከላይ ያለችውን የመፈለጊያ ሳጥን ንኩና ‹ቫይብሬሽን› የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ። ስልኩ በአማርኛ ከሆነ ‹ንዝረት› ብላችሁ ጻፉ። ከማንም ዩቲዩበር ቶሎ ታደርሳችኋለች።

ሳምሰንግ ላይስ?

ሴቲንግስ → ሳውንድስ ኤንድ ቫይብሬሽን ግቡ። ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛው ‹ቫይብሬሽን ኢንቴንሲቲ› ሲሆን ለጥሪ፣ ለኖቲፊኬሽንና ለንክኪ ለየብቻ መጠን የሚሰጥ ነው። ሁለተኛው በአዳዲሶቹ ስልኮች ‹ሲስተም ቫይብሬሽን› የሚለው ነው፤ ውስጡ ገብታችሁ ስልክ ቁጥር ስትጽፉ፣ በሳምሰንግ ኪቦርድ ስትጽፉ፣ ቻርጀር ስትሰኩ የሚመጣውን አንድ በአንድ ማጥፋት ትችላላችሁ። ሳምሰንግን የምወድለት አንዱ ነገር ይኸው ነው፤ ሌሎች በጅምላ የሚሸጡትን እሱ በችርቻሮ ይሰጣችኋል።

ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ፣ ሬድሚ?

እነዚህም በሴቲንግስ ውስጥ ድምፅና ንዝረት የሚለው ክፍል አላቸው፤ ስሙ ግን ከአንዱ ሞዴል ወደ ሌላው ይለዋወጣል። አንዱ ‹ሃፕቲክ ፊድባክ› ሲለው ሌላው ‹ቫይብሬት ኦን ታፕ› ይለዋል። ‹ታፕ›፣ ‹ተች› ወይም ‹ሃፕቲክ› የሚል ቃል ያለበት የጣቱ ነው፤ ‹ሪንግ› ወይም ‹ኮል› የሚል ያለበት የጥሪው ነው። ይህችን ከያዛችሁ ስሙ ቢለዋወጥም አትሳሳቱም።

የንክኪውን አጠፋሁት፤ ስጽፍ ግን አሁንም ይነዝራል። ለምን?

ኪቦርድ ራሱን የቻለ አፕ ስለሆነ ነው። በብዙ ስልኮች ላይ የስልኩን ማጥፊያ ሳይሰማ የራሱን ሴቲንግ ይከተላል።

ይህ ጥያቄ ከአማርኛ ጸሐፊዎች የሚበዛው በከንቱ አይደለም። በድምፅ በሚሠሩት የግዕዝ ኪቦርዶች ላይ ‹ሰላም› ብላችሁ ስትጽፉ የምትነኩት ሦስት ጊዜ አይደለም፦ ለ‹ሰ› ሁለት፣ ለ‹ላ› ሁለት፣ ለ‹ም› አንድ፤ በድምሩ 5 ንክኪ፣ 5 ንዝረት። ለአንድ ሰላምታ! «እንደምን አደራችሁ፣ ቤተሰብ ሁሉ ደህና?» ብላችሁ ስትጨርሱ ጣታችሁ ወፍጮ ቤት የዋለ ይመስላል።

ጂቦርድ የሚባለውን የጉግል ኪቦርድ የምትጠቀሙ ከሆነ ኪቦርዱ ሲወጣ ኮማዋን ተጭናችሁ ቆዩና የጥርስ ጎማ ምልክቷን ንኩ። ፕሪፈረንስስ ግቡ፤ ወረድ ብላችሁ ‹ሃፕቲክ ፊድባክ ኦን ኪፕረስ› የሚለውን አጥፉ። ሥሩ የጥንካሬ መጠን መምረጫ አለ፤ ከማጥፋት ይልቅ ለስለስ ማድረግ የምትፈልጉ እሱን ንኩ። በሳምሰንግ ኪቦርድ ደግሞ ሴቲንግስ → ጄነራል ማኔጅመንት → ሳምሰንግ ኪቦርድ ሴቲንግስ → ስዋይፕ፣ ተች ኤንድ ፊድባክ → ተች ፊድባክ ብላችሁ ‹ቫይብሬሽን›ን አጥፉ።

ብዙዎቻችን ስልክ ላይ ሁለት ኪቦርድ አለን፤ አንዱ ለእንግሊዝኛ፣ አንዱ ለአማርኛ የተጫነ። አንዱ ላይ ያጠፋችሁት ለሌላው አይሠራም። የግዕዙን አፕ ለብቻው ክፈቱና በሴቲንጉ ውስጥ ‹ቫይብሬት› ወይም ‹ንዝረት› የሚለውን ፈልጉ።

አይፎን ላይ እንዴት ነው?

ሴቲንግስ → ሳውንድስ ኤንድ ሃፕቲክስ። ለኪቦርዱ ‹ኪቦርድ ፊድባክ› ውስጥ ገብታችሁ ‹ሃፕቲክ›ን አጥፉ፤ ይህ የመጣው በ2022 እ.ኤ.አ. ከአይኦኤስ 16 ጋር ነው፤ ከዚያ በፊት አይፎን ሲጻፍበት አይነዝርም ነበር። እዚያው ገጽ መጨረሻ ላይ ‹ሲስተም ሃፕቲክስ› የምትል አለች፤ ማብሪያ ማጥፊያዎችን ስትነኩ፣ ሰዓት ስታስተካክሉ የሚሰማችሁን ታጠፋለች። እሷን ካጠፋችሁ በኋላ ሰው አስደውላችሁ ሞክሩ፤ የምትፈልጉት የጥሪ ንዝረት አብሮ መሄድ አለመሄዱን እዚያው ታውቁታላችሁ።

ለጥሪና ለሜሴጅ ደግሞ በዚሁ ክፍል ውስጥ ‹ሃፕቲክስ› የሚል አራት ምርጫ ያለው አለ፦ ሁልጊዜ ይንዘር፣ ሳይለንት ሲሆን ብቻ ይንዘር፣ ሳይለንት ሲሆን አይንዘር፣ በጭራሽ አይንዘር።

ስልኩን በፊታችሁ ስትከፍቱ ወይም ስትከፍሉ የሚመጣው ንዝረት ብቻ ከሆነ ያስቸገራችሁ፣ አክሰሲቢሊቲ → ፌስ አይዲ ኤንድ አቴንሽን ውስጥ ለብቻው ማጥፊያ አለው።

አይፎኑ ፈጽሞ፣ በምንም ምክንያት እንዳይነዝርስ?

አክሰሲቢሊቲ → ተች → ቫይብሬሽን። ይህን ካጠፋችሁ ጸጥ ነው። ነገር ግን የመሬት መንቀጥቀጥን፣ የሱናሚንና የመሳሰሉትን የአደጋ ማስጠንቀቂያዎች ንዝረት ጭምር ያጠፋል፤ አፕልም ይህንኑ ጽፎ ያስጠነቅቃል። እንዲህ ዓይነት ማስጠንቀቂያ በስልክ በሚላክባቸው አገሮች፣ ለምሳሌ አሜሪካ ወይም እስራኤል፣ የምትኖሩ ዘመዶቻችን ይህን ማጥፊያ ባትነኩት እመርጣለሁ።

ሌሊት መብራት መጥቶ በሄደ ቁጥር ስልኬ ይነዝርና ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል።

ይህን ጥያቄ የጠየቀችኝ አክስቴ ናት። ስልኳን ቻርጅ ላይ ሰክታ ኮመዲኖ ላይ ታስቀምጠዋለች። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ይሄዳል፤ ትንሽ ቆይቶ ይመጣል፤ ስልኩ «ቻርጅ ጀመርኩ» ለማለት አንዴ ይነዝራል። እንጨቱ ደግሞ ድምፁን ያጎላዋል። መብራቱ አልረጋ ካለ ስልኩም አብሮ ሲንቀጠቀጥ ያድራል። እሷ ሰው የደወለላት እየመሰላት ትነሳለች፤ የተደወለ የለም። «ማነው በሌሊት የሚያስደነግጠኝ?» ብላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተጨንቃለች።

ሳምሰንግ ከሆነ ከላይ በጠቀስኩት ‹ሲስተም ቫይብሬሽን› ውስጥ ‹ቻርጂንግ› የሚለውን አጥፉ። ፒክስልና መሰሎቹ ላይ በሳውንድ ኤንድ ቫይብሬሽን ገጽ ታችኛው ክፍል ‹ቻርጂንግ ሳውንድስ ኤንድ ቫይብሬሽን› የሚል አለ። ለብቻው ማጥፊያ በሌላቸው ስልኮች ላይ የማውቀው ቀላል መፍትሔ ስልኩን ከእንጨት ላይ አንስቶ የታጠፈ ጋቢ ወይም ፎጣ ጫፍ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ከላይ ግን አትሸፍኑት፤ ቻርጅ ላይ ያለ ስልክ ይሞቃል። አክስቴ በመጨረሻ የመረጠችው ከመተኛቷ በፊት መንቀልን ነው።

የዕድሩና የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ቀኑን ሙሉ ያንዘረዝረኛል። ግሩፑን ሳልወጣ?

አትውጡ፤ ያስቀይማል። ቴሌግራም ውስጥ ሴቲንግስ → ኖቲፊኬሽንስ ኤንድ ሳውንድስ ግቡ። በአንድሮይድ ላይ ለግል መልእክት፣ ለግሩፕና ለቻነል ሦስት የተለያዩ ክፍሎች ታገኛላችሁ። ‹ግሩፕስ› ውስጥ ገብታችሁ ‹ቫይብሬት› የሚለውን ‹ዲሴብልድ› አድርጉት። የግል መልእክቱ እንደ ድሮው ይነዝራል፤ ግሩፑ ዝም ይላል። አንድ ግሩፕ ብቻ ከሆነ ያስቸገራችሁ የግሩፑን ስም ነክታችሁ ‹ሚውት› ማድረግ ይበቃል።

ቴሌግራሙ ተከፍቶ እያለ የሚነዝረው ሌላ ነው፤ እሱ ‹ኢን-አፕ ቫይብሬት› ይባላል፤ እዚያው ገጽ ላይ ወረድ ብሎ አለ። ቀዩን ልብ ብቻውን ሲልኩላችሁና ስትነኩት እንደ ልብ ምት የሚመታው ንዝረት ግን… እሱን እንኳ ተዉት፤ ያምራል።

ዋትስአፕም በሴቲንግስ → ኖቲፊኬሽንስ ውስጥ ለመልእክትና ለግሩፕ ለየብቻ ‹ቫይብሬት› አለው።

ለማናቸውም ሌላ አፕ፣ ኖቲፊኬሽኑ ሲመጣ ተጭናችሁ ቆዩና የሴቲንግ ምልክቷን ንኩ። ከአንድሮይድ 8 ወዲህ አንድ አፕ ኖቲፊኬሽኖቹን በየፈርጁ ከፋፍሎ ያቀርባል፤ ስለዚህ የባንክ አፕ ገንዘብ ሲገባ እንዲነዝር፣ ማስታወቂያ ሲልክ ግን እንዳይነዝር ማድረግ ትችላላችሁ፤ አፑ በትክክል ከፋፍሎት ከሆነ። በአዳዲስ ሳምሰንጎች ላይ ይህ ክፍፍል ተደብቆ ነው የሚመጣው፤ ሴቲንግስ → ኖቲፊኬሽንስ → አድቫንስድ ሴቲንግስ ውስጥ ‹ማኔጅ ኖቲፊኬሽን ካታጎሪስ ፎር ኢች አፕ›ን ስታበሩት ይወጣል።

ቤተ ክርስቲያን ስገባ ቫይብሬት ላይ አድርጌ ነበር፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ቫይብሬት ጸጥታ አይደለም፤ ሌላ ዓይነት ድምፅ ነው። ስልኩ ኪስ ውስጥ ከሆነ ሥጋና ጨርቅ ይውጠዋል። ቦርሳ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ከሆነ ግን ጸናጽል ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ ከተቀመጠ ደግሞ እንጨቱ በሙሉ ድምፅ ማጉያ ይሆንላችኋል። ለቅዳሴ፣ ለስግደት፣ ለለቅሶ ቤት፣ ለፍርድ ቤት ሳይለንት ነው የሚያስፈልገው።

በአንድሮይድ የድምፅ ቁልፉን ስትጫኑ ብቅ የምትለውን የደወል ምልክት ደጋግማችሁ ንኩ። የሚነዝር ስልክ ምልክት ከመጣ ቫይብሬት ላይ ናችሁ፤ የተሰረዘ ደወል ከመጣ ሳይለንት ነው። አይፎን ላይ ወጥመዱ ይኸውላችሁ፦ የጎኑን ማንሸራተቻ፣ ወይም ከአይፎን 15 ፕሮ ወዲህ በብዙዎቹ ላይ የተተካውን አክሽን ቁልፍ፣ ሳይለንት ስታደርጉት ስልኩ ሊነዝር ይችላል። ከላይ ባልኩት ‹ሃፕቲክስ› ውስጥ «ሳይለንት ሲሆን አይንዘር» የሚለውን ካልመረጣችሁ በቀር።

የታመመ ሰው ቤት ትታችሁ የመጣችሁ ከሆነ ደግሞ ‹ዱ ኖት ዲስተርብ› ይሻላችኋል። የመረጣችኋቸውን ሰዎች ብቻ ያስገባል፤ ደጋግሞ ለሚደውል ሰው መንገድ የሚሰጥ ምርጫም አለው። አይፎን ያው ሰው በ3 ደቂቃ ውስጥ እንደገና ከደወለ ያሳልፈዋል፤ አንድሮይድ ደግሞ በ15 ደቂቃ ውስጥ። ይህ የጣቱን ንዝረት አያጠፋም፤ ሥራው ጥሪና መልእክት ማገድ ነው።

ስልኬ ቻርጅ ላይ ሲሆን ጠርዙ ጣቴን ይነዝረኛል። ከየት ነው የማጠፋው?

ይህ ከሴቲንግ አይጠፋም። ቋንቋችን እዚህ ላይ ያሳስተናል፤ ስልክም ይነዝራል፣ መብራትም ይነዝራል። የተሰማችሁ ሁለተኛው ነው።

ሁለት ጥርስ ብቻ ያለው ቻርጀር ውስጥ ከ220 ቮልቱ ወገን ወደ ስልኩ ወገን እጅግ ጥቂት ኤሌክትሪክ የምታሳልፍ ዕቃ አለች፤ የተቀመጠችው የኤሌክትሪክ ረብሻን እንድታጣራ ነው። መሬት የሚገባበት መስመር ስለሌለው ያ ጥቂት ኤሌክትሪክ በብረት ጠርዙ በኩል በእናንተ ያልፋል። ጣታችሁን በስሱ ስታንሸራትቱት ብረቱ ሻካራ ሆኖ፣ የሚርገበገብ መስሎ ይሰማል። ነቅላችሁ ንኩት፤ ወዲያው ከጠፋ ነገሩ ከቻርጀሩ ነው።

በደህና ቻርጀር ላይ እንዲህ ዓይነቱ ስስ ስሜት አደገኛ አይደለም። እጃችሁን የሚያስመልስ፣ የሚቆነጥጥ ዓይነት ከሆነ ግን ቻርጀሩን አትጠግኑት፣ ለሌላ ሰውም አትስጡት፤ ጣሉት። በባዶ እግር ሲሚንቶ ላይ ቆማችሁ ወይም በእርጥብ እጅ አትሞክሩት። በየመንገዱ በርካሽ የሚሸጡትን ቻርጀሮች የማልወደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከላይ ያለው ስም ምንም ይሁን ምን፣ ውስጡ 220 ቮልቱን ከስልኩ ወገን የሚለየው ክፍል ደህና መሆኑ ታይቶ አይታወቅም።

ንዝረት ማጥፋት ባትሪ ይቆጥባል?

ትንሽ። ሞተር ነውና ኤሌክትሪክ ይበላል፤ አፕልም የኪቦርድ ሃፕቲክ የባትሪውን ቆይታ ሊነካ እንደሚችል ጽፏል። ቀኑን ሙሉ ለሚጽፍ ሰው ልዩነት ይኖረው ይሆናል። ግን የስክሪናችሁ ብርሃን ጫፍ ላይ ሆኖ፣ ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ስልኩ ሲግናል ሲፈልግ እየዋለ፣ ንዝረት አጥፍቼ ባትሪዬን አዳንኩ ማለት የሚያፈስ በርሜል ትቶ ጠብታ መቁጠር ነው።

የተገላቢጦሹ ግን አለ፦ ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ‹ባትሪ ሴቨር› ሲበራ ንዝረቱ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። «ስልኬ ማታ ማታ መንዘር ያቆማል» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ባትሪያቸው ዝቅ ሲል ይህ በራሱ እየበራባቸው ነው።

ሳይነዝር የነዘረ ይመስለኛል። ታምሜ ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ በአንድ የአሜሪካ ሆስፒታል ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ጥያቄውን ከመለሱት 68 በመቶው ይህ ስሜት እንዳጋጠማቸው አሳይቷል። አእምሯችን ጥሪ እንዳያመልጠው ሲጠባበቅ የልብሳችንን መፋተግና የጡንቻን መንቀጥቀጥ ስልክ አድርጎ ይተረጉመዋል። ስልኩን ሌላ ኪስ ውስጥ ማድረግ፣ ወይም ለጥቂት ቀን የኖቲፊኬሽኑን ንዝረት አጥፍቶ የጥሪውን ብቻ መተው ሞክሩ። እኔ ራሴ ከግራ ወደ ቀኝ ኪስ ካዛወርኩት በኋላ ነው የተወኝ። ግራ ጭኔ ግን ለሳምንት ያህል ባዶ ኪስ ይዞ «ተደወለ» ይለኝ ነበር።

አንድ ክፍል ውስጥ ለብዙ ሰው ነው የምንተኛው። አላርሜ ሌላ ሰው ሳይቀሰቅስ እኔን ብቻ እንዲነዝረኝ ማድረግ ይቻላል?

ይቻላል። ይህን የሚጠይቁኝ ተማሪዎችና ዓረብ አገር ያሉ እህቶቻችን ናቸው፤ አንዷ ለሌሊት ሥራ ስትነሳ ሌላዋ ገና መግባቷ ነው። በአንድሮይድ ሰዓት አፕ ውስጥ አላርሙን ከፍታችሁ ድምፁን ‹ሳይለንት› አድርጉ፣ ‹ቫይብሬት› የሚለው ላይ ምልክት ይኑር። ሳምሰንግ ላይ ‹አላርም ሳውንድ›ን አጥፍታችሁ ‹ቫይብሬሽን›ን ታበራላችሁ። አይፎን ላይ በአላርሙ ‹ሳውንድ› ውስጥ ገብታችሁ ‹ነን› ምረጡና ንዝረቱ መመረጡን አረጋግጡ። ስልኩን ትራስ ልብሱ ጫፍ ውስጥ አድርጉት፤ ቻርጅ ላይ ሆኖ ግን ፈጽሞ አይሆንም።

የአንድሮይዱን ዋና ማጥፊያ ካጠፋችሁት ይህም አይሠራም። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታደርጉት በዕረፍት ቀን ሞክሩት፤ እንቅልፋችሁ ከባድ ከሆነ የሚነዝር የእጅ ሰዓት ይሻላል።

አባቴ ጆሮው ደክሟል። ለእሱም ላጥፋለት?

ለእሱ አታጥፉ፤ ጨምሩለት። የጥሪውን መጠን እስከ ላይ አድርሱት፣ የንክኪውን አጥፉ፤ ያኔ ስልኩ ሲነዝር ሰው ፈልጎታል ማለት ብቻ ይሆናል። አይፎን ከሆነ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ንዝረት መሥራት ይቻላል፦ የሰውየውን ስም ከፍታችሁ ኤዲት → ሪንግቶን → ሃፕቲክስ → ክሪኤት ኒው ቫይብሬሽን ብላችሁ ስክሪኑን በጣታችሁ ምቱት፤ የመታችሁት ዜማ ይመዘገባል። ሁለት አጭር አንድ ረጅም ለእናት፣ ሦስት አጭር ለልጅ። በተጨማሪ ሲደወል ፍላሹ ብልጭ እንዲል ማድረግ ይቻላል፤ አይፎን ይህን በአክሰሲቢሊቲ ውስጥ አለው፤ አንድሮይድም ከ14ኛው ጀምሮ ‹ፍላሽ ኖቲፊኬሽንስ› ብሎ አስገብቶታል።

ቶክባክን፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነበውን የአንድሮይድ አገልግሎት፣ ለሚጠቀሙ ዓይነ ስውራንም ንዝረቱ መንገድ ጠቋሚ ነው። ቶክባክ በራሱ ሴቲንግ ውስጥ የንዝረት ማጥፊያ አለው፤ ሳትጠይቋቸው አትንኩት።

ምንም ሳላጠፋ ንዝረቱ ጠፋ፤ ወይም ሲነዝር ይንጫጫል።

መጀመሪያ ባትሪ ሴቨር፣ ቀጥሎ ዋናው ማጥፊያ፣ ቀጥሎ ስልኩን አጥፍቶ ማብራት። ሳምሰንግ ከሆነ እንደምትደውሉ ሆናችሁ *#0*# ስትጽፉ በብዙዎቹ ላይ መሞከሪያ ገጽ ይከፈታል፤ ‹ቫይብሬሽን› የሚለውን ስትነኩ ሞተሩ ደህና ከሆነ ሳያቋርጥ ይነዝራል። እዚያም ዝም ካለ ነገሩ የሴቲንግ አይደለም።

መንጫጫት ሲሆን ብዙ ጊዜ የላላ ነገር አለ፦ ከወደቀ በኋላ የተነቃነቀ ሞተር፣ በደንብ ያልተጣበቀ ጀርባ፣ አንዳንዴም የስልኩ ከቨር ራሱ። ከቨሩን አውልቃችሁ ሞክሩ።

አንድ ጊዜ ስክሪን አስቀይሬ ስመለስ ስልኬ ቤት እስክደርስ አልነዘረም። መንገድ ላይ ሦስት ጥሪ አምልጦኛል። ተመልሼ ስሄድ ጠጋኙ ከፈተውና ሳቀ፤ የሞተሯን ገመድ መልሶ መሰካት ረስቶት ነበር፤ ትንሿ ብሎን ደግሞ ጠረጴዛው ላይ፣ የሻይ ብርጭቆው ሥር ተቀምጣለች። ስለዚህ ስልክ አሠርታችሁ ከሱቁ ስትወጡ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ቫይብሬት ላይ አድርጋችሁ አስደውሉበት፣ ካሜራውንም ክፈቱት፣ ድምፅም ቅዱበት።